ሻይ ነው የወሰድኩላቸው

ሰኞ

ጠዋት መብራት ሄደ። ሄዶ ይመጣል ብዬ ቁርሴን በላሁ። ረፋዱ ላይ ወንድሜ ደወለ። ታናሼ ነው፤ የከፍተኛ መስመር ጥገና ሠራተኛ ነው። ልጅ ሆኖ ከዛፍ አልወርድም እያለ ሰፈሩን ስላስቸገረ እስካሁን ጦጣው ነው የሚሉት።

«እትዬ፣ ዛሬ አትጠብቂ» አለኝ። «ተበላሽቶ አይደለም። ወንዙ ማዶ ያለውን ማማ እግሩን በፈንጂ ቆርጠው ጥለውታል።»

ማን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ እኔ የማውቀው ብረቱን ነው አለ።

መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ሊፈለፈሉ ትንሽ የቀራቸው እንቁላሎች አሉ። ነበሩ። ጄኔሬተሩ አሮጌ ቢሆንም ይሠራል፤ ናፍጣ ግን ጠብታ አልነበረውም። ባለቤቴን «እንቁላሎቹን አደራ» ብዬው ጀሪካን አንጠልጥዬ ወደ ማደያው በረርኩ። አገር ምድሩ እዚያ ተሰልፏል። እኩለ ቀን አልፎ ስመለስ ባለቤቴ በላብ ተጠምቆ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጧል። በሮቹን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ቤት ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ፣ የአልጋችንን ሳይቀር፣ አልብሶታል።

ገና የገባ እንቁላል ብርድ ይገድለዋል፣ ይሸፈናል። ሊፈለፈል የደረሰ ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ጫጩት ይተነፍሳል፣ የራሱ ሙቀት አለው። ማራገቢያው ቆሞ በር ካልተከፈተለት በገዛ ሙቀቱ ታፍኖ ይሞታል። በሩን ስከፍተው ወበቁ ፊቴን ገረፈኝ። አንድም አልተረፈም።

ያላልኩት ነገር የለም። እሱ «እንዳይበርዳቸው ብዬ ነው» ይላል፤ ደግሞ «እንዳይበርዳቸው ብዬ ነው» ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት ከኔ ጋር ኖሮ ይሄን እንዴት አያውቅም? አደራ ብዬው ነበር እኮ።

ማክሰኞ

የሞቱትን ጓሮ ቀበራቸው። ሳንነጋገር ዋልን። ማታ ላይ ብቻ «አንድ ቀን ማሽኑን እንድነካው ፈቅደሽልኝ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ማሽኑ በልጅ እጅ የሚነካካ ነገር አይደለም። የእናታችንን ቤት ሸጠን የገዛነው ነው፤ የወንድሜም ድርሻ አለበት። ያኔ ቅር ይለዋል ብዬ ስፈራ «እትዬ፣ አንቺ ከሠራሽበት የኔም ነው» ብሎ ነው የሰጠኝ።

ዓርብ

ዛሬም የለም። ከስልክ ባትሪ ጋር የኔም ጉልበት እያለቀ ነው።

መንገዳችን ሌላ መንገድ መሰለ። ብየዳ ቤቱ ተቆልፏል፤ በያጁ ድንጋይ ማውጫ ቦታ የቀን ሥራ ገባ አሉ። ወፍጮው ቆሟል። ሥጋ ሻጩ እስከ ምሳ ያልሸጠውን በግማሽ ዋጋ ይለቃል፤ እሱም ካልሄደ ለውሻ ነው። የልብስ ፋብሪካው የማታ ፈረቃውን ስላስቀረ ከጀርባችን ያሉትን ክፍሎች የተከራዩት ልጆች ሻንጣቸውን ጠቅልለው ወጡ። አከራያቸው ሴትዮ ደጃፍ ላይ ቆማ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ «እነሱ አጥፍተው እኔ ልቀጣ?» ትላለች። እነሱ የምትለው ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሬዲዮውም ያልታወቁ ኃይሎች ብሎ ያልፈዋል።

ያለፈለት ፊት ለፊታችን ያለው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው። ጎረቤት ሁሉ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ግዛ፣ ኋላ ቀረህ እያለ ሲያሾፍበት የኖረ ሰው፣ አሁን ፔዳሉን እየረገጠ ያንጎራጉራል። «ድሮም የማምነው እግሬን ነው» አለኝ። ተናደድኩበት። ምን ያናድደኛል? ግን ተናደድኩ።

ሰኞ

መጣ!

ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። ማማውን ያቆሙት እነ ወንድሜ ናቸው። ሱቅ ስሄድ ባለ ሱቁ «የጦጣው እህት አይደለሽ?» ብሎ ለሌላ ሰው የለም ያለውን ዘይት ከጓዳ አወጣልኝ። ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ፣ አልዋሽም።

ከሰዓት የዶሮ አርቢዎቹ ሊቀመንበር መጣች። ከኔ ጫጩት የሚወስዱት የገጠር ሴቶች በሙሉ በሷ በኩል ነው የሚወስዱት። አቀማመጧ ደስ አላለኝም። ቤት ጠርገን፣ መኖ ገዝተን ባዶ ቤት ታቅፈን ቀረን፣ መኖውም እየተበላሸ ነው አለች። ቆጣ አላለችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ባለፈው ያጣነውን ችለናል፣ ሁለተኛ ግን አንችልም፣ ከዚያኛው ከተማ የሚፈለፍል ሰው ጠይቆናል ብላ ሄደች። እነሱ ከሄዱ ማሽኑ ቁም ሣጥን ነው። እኔም ባለ ቁም ሣጥን።

ረቡዕ

ወንድሜና ሚስቱ ምሳ መጡ። ሆዷ ገፍቷል፣ ስትቀመጥ እጁን ይዛ ነው። ከበላን በኋላ እንቁላል ላስገባ ነው ስል ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ።

አታስገቢ አለኝ። ማማው ቆመ እንጂ ጠባቂ የለውም፣ ደግመው ይመጣሉ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ መብራት አይቆይልሽም አለ። ሌላም ነገር ነገረኝ። በወደብ ከተማዋ የሚሠሩ ፎቆች ውስጥ የመብራት ገመድ የመዘርጋት ሥራ አግኝቷል። በር ያለው፣ ጣሪያ ያለው ሥራ ነው አለች ሚስቱ፤ ለሷ በር ያለው ሥራ ማለት ብዙ ነው።

እኔ ደግሞ እውነቱን ነገርኩት። ቋሚ ሥራ ነው ያለህ፣ ጡረታ አለው፣ ልጅ እየመጣ ነው፣ እዚያ ማንን ታውቃለህ አልኩት። ሰው በክፉ ቀን ሥራውን ጥሎ አይሄድም አልኩት። ሚስቱ ሳህኖቹን ማነሳሳት ጀመረች። እሱ «እሺ እትዬ፣ ትንሽ ልቆይ» አለ።

ለሱ ብዬ ነው የመከርኩት። ማን ይምከረው? እናት የለችው።

እንደሄዱ እንቁላሎቹን አስገባሁ።

እሑድ

በደቡብ በኩል ያለውን ማከፋፈያ ጣቢያ ትራንስፎርመር በጥይት በሳስተው ዘይቱን አፈሰሱት። የጥገና ሰዎች ሊያዩት ሲሄዱ መንገድ ላይ አድፍጠው ተኮሱባቸው። ከእነ ወንድሜ ጋር ይሠራ የነበረ ሽማግሌ፣ ወንድሜን መውጣትና መውረድ ያስተማረው ሰው፣ ተጎድቶ ሆስፒታል ገብቷል። ወንድሜ ሲነግረኝ ድምፁ ጠፍቶብኝ ደጋግሜ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም፤ እሱ ነው ዝም ያለው።

ቆይ ያልኩት ለሱ ብዬ ነው እንጂ እኔማ ምን ቸገረኝ።

እንቁላሎቹ ከገቡ አሥራ አንድ ቀናቸው ነው፤ በባትሪ እያበራሁ አየኋቸው። ደም ሥሮቻቸው ተዘርግተዋል። ያማሩ ናቸው። እንዲህ ያማሩ አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ በጥድፊያ

እንደገና። ያው ማማ። ከጎኑ ያለውም።

ጄኔሬተሩ ይሠራል። ናፍጣ ከማደያ የለም፣ ከጓሮ በር አለ። ባለቤቴ ሄዷል። ወንድሜ አያነሳም።

ማታ

ስልኩ ተነሳ፤ ሚስቱ ናት ያነሳችው። ተኝቷል አለች። መቼ ይጀምራሉ፣ ዕቃው ደረሰ ወይ፣ በሳምንት ያልቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እትዬ፣ እህቱ ነሽ ወይስ አለቃው?» አለችኝ። እርጉዝ ሴት ትነጫነጫለች ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ

ናፍጣ ሰልፍ ላይ ስንቆም ሁሉም የየራሱን ይዘረዝራል። የወተት ሰብሳቢው ወተቱን ቦይ ውስጥ ደፋ። መኖ ማቀነባበሪያው በሩን ስለዘጋ ላም ያለውም ዶሮ ያለውም ያለቅሳል። ባንኩ ግማሽ ቀን ከፍቶ ሲስተም የለም ይላል። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ፣ በረዶ እያመረተ ለዓሣ አጥማጆች የሚሸጥ ነበር፣ «አንድ ብረት ይጥላሉ፣ እኛ ሁላችን ከሥሩ ነን» አለ። ሌላው ደግሞ ጥፋቱ የጥገና ሠራተኞቹ ነው፣ ፈርተው ነው፣ ደሞዝ እየበሉ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ አለ።

መልስ ልሰጠው አፌን ከፍቼ ነበር። ወንድሜ ነው ልለው። ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት ደክሞኝ ይሆናል።

ወደ ቤት ስመለስ ደወልኩለት። ካርታ ትጫወታላችሁ አሉ አልኩት፣ ለጨዋታ። አካባቢው ለፈንጂ ሳይፈተሽ ካቦው፣ አለቃችን፣ ማንንም ማማ ላይ አያወጣም፣ ፈታሾቹ ደግሞ ማክሰኞ ነው የሚደርሱት አለኝ። ማክሰኞ? እንቁላሎቹ ረቡዕ ነው የሚፈለፈሉት፣ ጄኔሬተሩ እስከዚያ ይችላል ብለህ ነው? አልኩት። «እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳን መጀመሪያ ስለኔ ጠይቂኝ» አለ። እየሳቀ ነው ያለው። የሳቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ

ጄኔሬተሩ አንድ ጊዜ አስሎ ቆመ። መካኒኩ ከፍቶ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ መለዋወጫው ያለው ትልቁ ከተማ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል።

ጎረቤት ተጠራ። በየቤቱ በከሰል ውሃ እየፈላ በጀሪካን እየመጣ፣ በፎጣ እየተጠቀለለ ማሽኑ ውስጥ ይደረደራል። አከራይዋ ሴትዮ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ ሁሉ መጡ። ባለቤቴ አሁን በሩን ዘግቶ አይተኛም፤ እኔ ሳልነግረው ራሱ ገርበብ እያደረገ አየር ይሰጣል፣ ሙቀቱ ሲወርድ ይዘጋል። በደንብ ነው የተማረው፣ በሞቱት ላይ። ይሄን ልለው ፈልጌ ሳልለው ቀረሁ።

በጀሪካን ስንት ቀን ይኬዳል? ጎረቤቱስ ከሰሉን ለኔ እስከ መቼ ያነዳል?

እሑድ

ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ባለቤቴን ለጀሪካኖቹ ትቼ፣ ትልቁን ፔርሙስ ሻይ ሞልቼ፣ ዳቦ ጠቅልዬ ወንዙ ማዶ ሄድኩ። ሻይ ነው የወሰድኩላቸው። እነዚያ ልጆች በብርድ ሜዳ ላይ ናቸው፣ ማን ያስባቸዋል?

ድንኳን ውስጥ አገኘኋቸው። ካርታ አልያዙም። ሁለቱም አዳዲስ ማማዎች ተገጣጥመው ቆመዋል፤ የቅርቡን ገመድ ላይ ወጥቶ ማያያዝ ብቻ ነው የቀረው። እዚያው አለ፣ ቅርብ። እጅ ዘርግቼ የምነካው መሰለኝ። ካቦው ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ተነስቶ አስቀመጠኝ። ማማው ከቆመ ወዲህ ሌሊት ሥሩ የሚያንዣብብ ሰው ስለታየ፣ ሳያስፈትሽ ማንንም እንደማያወጣ አስረዳኝ፣ ባለፈው የሆነውንም ነገረኝ። ገባኝ አልኩት። ገብቶኛልም።

ከዚያ ሻይ ስቀዳ ጨዋታ መጣ። ስለ ልጅነቱ ጠየቁኝ። ጎረቤት ሁሉ ከዛፍ ሥር ቆሞ ሲለምነው፣ እናታችን ዱላ ይዛ ስትጠብቀው፣ እሱ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ፍሬ ሲወረውርብን፣ ሁሉን አወራሁላቸው። በጣም ነው የሳቁት። እኔም ሞቅ ብሎኝ «ያኔ እሱን ማውረድ ነበር ጭንቁ፣ ዘንድሮ ግን ጦጣው መሬት ለመደ» አልኩ። ድንኳኑ ተናጋ። ካቦው እንኳን ዓይኑን እስኪያብስ ሳቀ።

ወንድሜ ሻዩን ይዞ ቀጥ ብሎ አየኝ። ከዚያ እሱም ፈገግ አለ።

ደስ የሚል ቀን ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅን። ስወጣ ፔርሙሱን እዚያው ተውኩላቸው፣ ሻይ ስላለበት።

ሰኞ

ምሳ ሰዓት ላይ መብራት መጣ!

ማሽኑ ሲያንጎራጉር ባለቤቴ ጀሪካኑን ለቀቀው፣ ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ሁለታችንም ቆመን ሳቅን። ሰፈሩ ይጮኻል። ልብስ ሰፊው ከመንገዱ ማዶ «መጣብኝ!» ብሎ ይሳለቃል።

ግን ፈታሾቹ ማክሰኞ ነው የሚደርሱት ብሎኝ ነበር።

ቀድመው ደርሰው ይሆናል። ይሆናል እኮ።

ደወልኩለት። አያነሳም።

እየሠራ ነው። ሲሠራ አያነሳም።

ያው ሰኞ

አያነሳም።

ማክሰኞ

ካቦው ደወለ። ትናንት ሌሊቱ ሳይነጋ ወንድሜ ራሱ ተነስቶ ማማው ላይ ወጣ አለ። «እኔ ሳልነቃ ነው» አለ። ከባልደረቦቹ ሁለት ልጆች ተከተሉት። ገመዱን አያያዘ፣ ጨረሰ፣ ልጆቹ ከጣቢያው ጋር በሬዲዮ ተነጋግረው ሥራውን ሲያስረክቡ እሱ ዕቃ ሊሰበስብ ማማው ሥር ቀረ። የተቀበረ ፈንጂ ነበር።

ሕይወቱ አለ። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች

ረቡዕ

ሆስፒታል። እንድትገባ የሚፈቀድላት ሚስቱ ብቻ ናት። እኔ ኮሪደር ላይ ነኝ። አምፖሎቹ ሁሉ በርተዋል። አንዷ ነርስ ለሌላዋ፣ መብራቱ በዚያ ሰዓት ባይመጣ ይህን ልጅ በምን እናክመው ነበር ስትል ሰማሁ። ተነስቼ ሽንት ቤት ሄድኩ፣ ቆሜ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ፈንጂውን የቀበሩት እነሱ ናቸው። ማማውን የጣሉት እነሱ ናቸው። እኔ ሻይ ነው የወሰድኩላቸው።

ባለቤቴ ደወለ። ቅርፊቱን መሰንጠቅ ጀምረዋል አለ። ምን ላድርግ አለኝ። የምታውቀውን አድርግ አልኩት። ይህን ቃል ለሱ ብዬው አላውቅም።

ሐሙስ

ባለቤቴ እንዳለው ሞልተው ነው የወጡት። እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ሊቀመንበሯ ሳጥን ይዛ መጥታ፣ ምርቃቱን አውርዳው፣ የወንድሜንም ጤና ጠይቃ ወስዳለች። አርቢዎቹ አልሄዱም። ማሽኑም ቁም ሣጥን አይሆንም። የፈለግኩት ሁሉ ሆኗል።

ከሰዓት እንድገባ ተፈቀደልኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል አጭር ነው፤ ወደዚያ ላለማየት መስኮቱን አየሁ። እጁን ያዝኩት። ዓይኑን ገልጦ ያለው አንድ ነገር ነው።

«ወጡ?»

ወጡ አልኩት። ጥሩ አለ፣ ተመልሶ ተኛ። የእናቴን ልጅ እግርህን አመመህ ወይ ብዬ እንኳን አልጠየቅኩትም። መጀመሪያ ስለኔ ጠይቂኝ ብሎኝ ነበር። እሱ ነው መጀመሪያ ስለኔ የጠየቀው።

ስወጣ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ የኔ ፔርሙስ አለ። ባልደረቦቹ አምጥተው ሰጧት፤ ክዳኑ ጭቃ ይዟል።

«የአንቺ ነው አሉኝ» አለች። ጮክ አላለችም።

እስካሁን ምንም አልጠየቀችኝም ነበር። እኔ ነኝ የቀደምኳት። «ቀልድ ነበር» አልኳት።

«እሱም ቀልድ ነው አለኝ። ማንም ውጣ አላለኝም፣ እትዬ ቀልድ ነው የቀለደችው አለኝ።» ሆዷ ላይ ያለውን እጇን ሳታነሳ ቀና ብላ አየችኝ። «ቀልዱን ግን ሊነግረኝ አልፈለገም። ምን ብለሽው ነው?»

ነርሶች እያለፉ ነው፣ አልጋ እየተገፋ ነው፣ የሚደበቁበት ቦታ የለም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ዛፉ ልጀምር ነበር፣ ስለ እናታችን ዱላ፣ ድንኳኑ እንዲስቅ ያደረግኩትን ከመጀመሪያው ላወራላት። ተውኩት። የመጨረሻዋን ቀልድ ብቻ ነገርኳት፣ ቃል በቃል፣ ድንኳን ውስጥ እንዳልኩት አድርጌ።

አልሳቀችም።